አንድ ሳጥን፣ አንድ ቁጥር

የሺ! የሺሀረግ! አለሽ ወይ ልጄ? እኔ ነኝ፣ የማሚቱ አያት። አትነሺ፣ በሞቴ ተቀመጪ። ወንፊት እንድታውሺኝ ነው የመጣሁት። የኔው ከመሃሉ ተቀዶ ጠጠሩንም ዱቄቱንም እኩል ያሳልፋል። አድልዎ የሚባል ነገር የለበትም።

በቆሏችሁ እንዴት ነው? የኛንማ ዝንጀሮ ጨረሰው። ትናንት አንዱ፣ ያ ደረተ ሰፊው፣ ሦስት እሸት በብብቱ ሸጉጦ፣ አራተኛውን እየጋጠ ፊት ለፊቴ አለፈ። አልሮጠም። ቀስ ብሎ፣ እንደ ጎብኚ። እኔም «ኮፍያ ቢያደርጉልህ ካድሬ ነበርክ» አልኩት... በልቤ ነው። በልቤ ነው ያልኩት፣ ምን ያስደነግጥሻል?

ባልሽ የለም? ማሳ ወርዷል? እሰይ፣ ጎበዝ... ኮንጎ ጫማው ግን ይኸው በር ላይ ነው። ባዶ እግሩን ነዋ የሄደው! በዚህ እሾህ! ወይ ጉብዝና።

ማነው ያነጠሰው? ከጓዳ ነው... ድመት? ድመት አመጣችሁ እንዴ? ደግ አደረጋችሁ፣ አይጡ አስቸግሯል። ይማርሽ ድመቲት። በእናትሽ እንዴት ያለ ወፍራም ድምፅ አላት!

ያው እኔ ዛሬ እቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ኮሚቴው ተሰብስቦ የለ? የማሚቱዬን ነገር ዛሬ ይቆርጣል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቃል ይቀበላሉ፣ ከዚያ ወረቀቱ ይታሸጋል፣ ነገ ጠዋት ለአሶሳ ዳኞች ይሰጣል። ወይ እንደገና ትዘፍናለች፣ ወይ ስሟ ይሰረዛል። አሁን ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። እሷ ሦስት ቀኗ፣ እህል በወጉ አልቀመሰችም። እኔም ቁጭ ብዬ ስለ አንድ ሰው ሳስብ ዋልኩ። ስሙን አልጠራም፣ ስም መጥራት ነውር ነው። አንቺም አታውቂውም... ብታውቂውም እኔ በማውቀው በኩል አይደለም የምታውቂው።

እንዴት ያለ ሰው መሰለሽ! የእጅ ጽሕፈቱን ብታይ! እኛ ከወሎ በካሚዮን ተጭነን፣ ስንት ቀን ተንቀጥቅጠን፣ እኔ ሦስት ጥርሴን መንገድ ላይ ትቼ፣ እዚህ ቀርከሃ መሃል ስንወርድ ቀለምና ብሩሽ ይዞ ቆሞ ነበር የተቀበለን። ውሃ የያዘ ሰው አልነበረም። ቀለም ግን ነበረ። በየጎጆው በር ላይ ቁጥር ሲጽፍ፣ ሁለትን እንደ ዳክዬ አንገት ቆልመም ያደርጋታል፣ ወደ ኋላ ይላል፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያያታል፣ ደግሞ ተመልሶ ጅራቷን ያሳምርላታል። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ይጠብቅ! ቆንጆ ነገር ይቸኮልበታል እንዴ?

«አንድ አባወራ፣ አንድ በር፣ አንድ ቁጥር!» ይላል እየጻፈ። እኛ ዘጠኝ ነፍስ ነን፤ አርባ ስድስት ቁጥር ተጻፈልን። ጎረቤታችን በቃሉ ላጤ ነው፣ ከነጥላው ቢቆጠር ሁለት ቢሆን ነው፤ አርባ ሰባት። እኔም አፌ አያርፍ፣ «ልጄ፣ እኛኮ ዘጠኝ ነን» ብለው፣ «እማማ፣ ቁጥሩ የሚጻፈው በሩ ላይ ነው እንጂ ሆዳችሁ ላይ አይደለም» አለኝ። አቤት መልስ! ሥርዓት ያለው ሰው እንዲህ ነው። ዘጠኛችን እዚያች ጎጆ ውስጥ ስንተኛ፣ አንዱ መገላበጥ ካማረው ስብሰባ ይጠራ ነበር። አጀንዳ ይያዛል። በአብላጫ ድምፅ ነው የምንገላበጠው።

ሳቂ፣ ሳቂ። ድመቲቱ ትሰማናለች ብለሽ ነው?

እና ይኸው ሰው ዘንድሮ የመብራት ሰው ሆነ። የኪነት ቡድናችንን ሊያዩ ዳኞች ከአሶሳ ሲመጡ፣ የተሻለ የዘፈነ ልጅ አሶሳ ገብቶ ከትልቁ ቡድን ጋር ሊዘፍን፣ ትምህርትም ሊማር ሲባል፣ ከጄኔሬተሩ ጋር የመብራት ዕቃ በውሰት መጣ። «ይህን ማን ይችለዋል?» ተባለ። እሱ እጁን አወጣ። እጁ ከመውጣቱ በፊት «እኔ» ብሎ ነበር። ያኔ «እኔ» ማለት እንዴት ይቀናው ነበር መሰለሽ!

ዕቃው ሦስት ሳጥን ነው። በያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ሦስት አምፖል አለ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ። ለያንዳንዱ አምፖል የራሱ ገመድ። ደግሞ አንድ ሰሌዳ አለ፣ ዘጠኝ እጀታ ያለው፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ የተቆጠረ፣ በየእጀታው ሥር ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ ያለው። እጀታውን ወደ ላይ ስታነሺ የተሰካበት አምፖል ይበራል፣ ስታወርጂ ይጠፋል። ሦስት ሳጥን፣ በየሳጥኑ ሦስት አምፖል፣ ዘጠኝ እጀታ። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩት ሴትዮ በጣቴ ደረስኩበት። አንድ ጣትም ተረፈኝ።

እሱ ግን ስድስተኛ ክፍል ደርሷል፤ በጣት አይቆጥርም።

ዐብዱልቃድርን ታውቂው የለ? በባምባሲ መንገድ ጨው የሚያመጣልን፣ ዱሮ ሱዳን፣ ደማዚን ሆኖ ለሠርግ ሙዚቀኞች መብራት ሲያበራ የኖረው። ጨውን አውርዶ ሲያልፍ አየና ቆመ። በትሕትና፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ያ አኺ፣ ይሄ ሳጥን ልጅ አለው። ሦስት ልጅ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እሱ ይወስዳል። ሁለተኛ ሳጥን አራት ላይ ይጀምራል። ሦስተኛ ሰባት ላይ። ወላሂ እንዲህ ነው» አለው። ያ ሰው ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ወንድሜ፣ አንተ ጨውህን መዝን። እዚህ መንደር ሳጥን ማለት አባወራ ማለት ነው። አንድ አባወራ፣ አንድ ቁጥር!»

ዐብዱልቃድር ሳጥኑን አየው፣ ሰውየውን አየው፣ «ኸላስ፣ በቃ» አለና አህያውን ነዳ። አህያዋ እንኳ ሁለት ጊዜ ዞራ አየች።

እንዴት እንደሰካው ልንገርሽ። የመጀመሪያውን ሳጥን ቀይ ገመድ አንድ ላይ ሰካ። ሁለቱ ገመዶች ተንጠለጠሉ። ልቡ ምን አለው? «እነዚህ ጥገኞች ናቸው፣ ጎረቤት ይጠጉ።» አረንጓዴውን ሁለት ላይ፣ ነጩን ሦስት ላይ አስጠጋቸው። ከዚያ ሁለተኛው ሳጥን ሌላ አባወራ ነውና ቁጥሩ ሁለት ነው አይደል? ሁለት ላይ ጀመረው! እዚያ የተጠጋ ጥገኛ እንዳለ እያየ። የሱንም ልጆች ሦስትና አራት ላይ አስጠጋ። ሦስተኛውን ሳጥን ሦስት ላይ፣ ልጆቹን አራትና አምስት ላይ። ሦስት ቁጥር ቀዳዳ ውስጥ ሦስት ገመድ ተጎራርሶ፣ የኛን ቤት መሰለ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ያሉት እጀታዎች ደግሞ ባዷቸውን፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ወደፊት ለሚመጡ ሰፋሪዎች ተይዘው ይሆናላ! አርቆ አሳቢ ነውኮ።

ከዚያ በደብተሩ ላይ ጻፈ፣ በዚያ በሚያምር እጁ፦ አንድ፣ ሊቀመንበር። ሁለት፣ ዘፋኝ። ሦስት፣ ጓዳ። የመጀመሪያው ሳጥን ወደ ሊቀመንበሩ ወንበር፣ ሁለተኛው ማሚቱ ወደምትቆምበት፣ ሦስተኛው ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጨፋሪዎቹ ልብስ ወደሚቀይሩበት። መጋረጃው ምን እንደነበረ ታውቂያለሽ? ነጭ አቡጀዴ። ስስ።

አንቺ ያን ቀን አልነበርሽም፣ አሞሽ ነበር። አይ የቀረብሽ!

ዳኞቹ ሳይመሽ አሶሳ መግባት ስላለባቸው በቀን ነው የተደረገው፣ በስምንት ሰዓት፣ የእህል መጋዘኑ መስኮት ሁሉ በጆንያ ተደፍኖ። ሙቀቱ! ከፊቴ የተቀመጡት ሰውዬ ገብተው ሲወጡ ግማሽ ሆነው ነው የወጡት። ሚስታቸው «ይኼ የኔ አይደለም» ብላ ነበር።

መጀመሪያ ሊቀመንበሩ ንግግር አደረጉ። እሱ አንድን አነሳ። ቀይ በራ! ሊቀመንበሩ ከጫማ እስከ ጆሮ ቀይ ሆነው ስለ ምርት ተናገሩ። «ለአብዮቱ የሚስማማ ነው» ተብሎ ተጨበጨበ። ይኸኔ የዚያን ሰው ደረት ማየት ነበር። ሸሚዙ ሁለት ቁልፍ ጣለ። «የሰካሁት እኔ ነኝ!» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ ምሳ በልተው የለ፣ አንድን አውርዶ ቦታው ሲጨልምላቸው እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። ማሚቱዬ ወጣች። ሰውየው ደብተሩን አየ፣ ዘፋኝ ሁለት። ሁለትን አነሳ። በሁለት ላይ ማን ነበር? የዘፋኟ ቀይና የሊቀመንበሩ አረንጓዴ! ልጄ እንደ በርበሬ ቀላች። ሊቀመንበሩ ደግሞ አረንጓዴ ሆነው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ያልበሰለ ዱባ መሰሉ። ማንኮራፋታቸው ከዜማው ጋር ገጠመ። ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ደነገጠና ሁለትን አወረደ። ሁለቱም ጠፉ። ሊቀመንበሩን ካጨለመ ማሚቱም ትጨልማለቻ፣ አንድ እጀታ ላይ ናቸው! ሦስትን አነሳ። የባሰው መጣ። ሊቀመንበሩ በነጭ ወጡ፣ ምራቃቸው ሲወርድ እስኪታይ። ማሚቱ እንደ ጎመን አረንጓዴ። ከጀርባ ደግሞ በቀይ ብርሃን፣ በዚያ ስስ አቡጀዴ ላይ፣ ሞቱማ ጨፋሪው አንድ እግሩን ሱሪ ውስጥ ከትቶ ሁለተኛውን ቀዳዳ ሲያጣ፣ በአንድ እግሩ ሲዘል ሲዘል... ጥላው እንደ ዝግባ ረዝሞ! ዳኞቹ ሳይቀሩ እንባቸውን ጠረጉ። አንዷ ዳኛ፣ ኢቲዳል የምትባለው ቁምነገረኛዋ፣ እስክሪብቶዋን ጥላ ስትፈልግ ነበር፤ ፍለጋው ረዘመባት፣ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አራትን ቢያነሳ ኖሮ ነጩ የሷ ነበር። የማሚቱዬ ነጭ እዚያ ነው ያለው። ግን አራት በደብተሩ የማንም አይደለማ! አባወራ የሌለበትን በር ማን ያንኳኳል? ስለዚህ ያ ሰው አሰበ። በአንድ ወገን ሊቀመንበሩ በአረንጓዴ አሉ፣ በሌላ ወገን ደግሞ አባት እናት የሌላት ልጅ አለች። የቱን ያድን? ሁሉንም እጀታ አወረደ። ድቅድቅ።

ልጄ አላቋረጠችም፣ የሺ። በጨለማ ውስጥ ሆና እስከ መጨረሻው ዘፈነችው። እኔም አላየኋት። በድምጿ ብቻ የት እንደቆመች አውቄ ነበር፣ ከቦታዋ አንዲት ስንዝር አልተነቃነቀችም።

ሲያልቅ ኢቲዳል፣ «ልጅቷ ለምን አልታየችም?» ብላ ጠየቀች። እዚህ ላይ ነው የዚያ ሰው ደግነት የሚታየው። ሌላ ሰው ቢሆን ጥፋቱን ሁሉ ለራሱ ያስቀር ነበር። ራስ ወዳድ አይደለማ! ያለውን አውጥቶ ለድሃ ልጅ ሰጣት። «በኖራ ክብ ሠርቼ ምልክት አድርጌላታለሁ፣ እሷ ናት ከክቡ የወጣችው። ሥርዓት አታውቅም» አለ። ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እንዲህ ያለ ቸር አይተሽ ታውቂያለሽ? የገዛ ራሱን ጥፋት፣ ሙሉውን፣ ሳይቆርስ!

ማሚቱንማ ታውቂያታለሽ፣ ስትዘፍን እንጂ ስትናገር ድምፅ የላትም። ግን ያን ቀን ተረከዟን አየሁት። ሁለቱም ተረከዟ በኖራ ነጭ ነበር። ክቡ መሃል ቆማ! ይኸው እስከ ዛሬ እግሯን አልታጠበችም። «እማማ፣ አይቶ የሚመሰክር ይመጣል» ትለኛለች። እግሯን ሰቅላ ነው የምትተኛው፣ እንዳይለቅባት። ዘጠኛችን እንዴት እንደምንተኛ ነግሬሻለሁ፤ የዚያች ልጅ እግር አፍንጫዬ ላይ ነው። ይሁን። ንጹሕ እግር ነው።

ኢቲዳል ፍርድ ታውቃለች። «የመብራቱ ጥፋት ከሆነ ዕቃውን ልንወስድ ስንመለስ እንደገና እንሰማታለን። የልጅቷ ከሆነ ትሰረዝ። የመብራቱ ሰው ለኮሚቴው ቃሉን ይስጥ» ብላ ሄደች። እኔ ኮሚቴው ዘንድ ብሄድ «አያት ነሽ፣ ታዳያለሽ» ተባልኩ። ዐብዱልቃድር ከሥራው ቀርቶ መጥቶ ቢናገር «የመንደሩ አባል አይደለህም» ተባለ። ሞቱማ ቢጠየቅ «እኔ ያን ቀን ከሱሪዬ ሌላ ያየሁት የለም» አለ። እንግዲህ የቀረው አንድ አፍ ነው። እሱ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ አልተገኘም። ሲፈልጉት ማሳ ነው ይባላል። እንዴት ያለ ታታሪ ነው! በሌሊትም ማሳ፣ በዝናብም ማሳ። እሱ እንደወረደ ቢቆጠር ያቺ ማሳ እስካሁን ሁለት ጊዜ ታጭዳ ነበር።

እኔ አልፈርድበትም። ቃሉን አልሰጥም ካለም ምክንያት አለው። ትልቅ ሰው ነው፣ ስም አለው፣ በየበሩ የሱ ጽሕፈት አለ። ያቺ ልጅስ ምን አላት? ድምፅ ብቻ። ድምፅ ደግሞ ቀርከሃ ስትቆርጥም ይወጣል፣ አሶሳ መሄድ ግድ አይደለም። እውነቴን ነው... ከሰባ ሰው ፊት እንዲህ በጨለማ የዘፈነች ልጅ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በጨለማ ብትኖር ምን ትሆናለች? ለምዳዋለች።

ምነው አቀረቀርሽ የሺ? አንቺን አይደለምኮ። የማታውቂውን ሰው ነው የማወራሽ። ተይ፣ አታልቅሺ... አንቺማ እኔ ስታመም ውሃ ስትቀጂልኝ የከረምሽ ልጅ። ላንቺ እኔ ምን ክፉ አለኝ?

ምንድነው ጓዳ የሚንኮሻኮሸው? ድመቲቱ ደብተር ትገልጣለች እንዴ?

ኧረ... በዚህ በቀርከሃው ቀዳዳ እዪ። በጓሮ የወጣው ማነው? ከጀርባው ባልሽን ይመስላል። ከማሳ መጣ ማለት ነው? እንዴት ያለ አመጣጥ ነው በጓዳ በኩል! ደብተር ይዟል። ወደ ማሳው እየሄደ ነው... ይሂድ፣ ሥራ አለበት... የለም፣ ቆመ። ራሱን አከከ። ከበቆሎው ጋር ይማከራል። ዞረ። ተመለሰ። ደግሞ ዞረ። ውይ፣ ይኼ ልጅ ያዞረኛል። ሄደ፣ ሄደ፣ ወደ ኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ነው! እየሮጠ! አየሽ የሺ፣ በሩ ላይ ደረሰ። ማንኳኳት ፈርቶ ቆመ... በል አንኳኳ የኔ ጌታ፣ ሰው ያለበት በር ነው... አንኳኳ። ገባ። እሰይ! ምን ሊያደርግ እንደገባ እኔ አላውቅም። የወንዶች ጉዳይ ነው፣ አልጠይቅም።

በይ እኔ ልነሣ። ለማሚቱ ውሃ ማሞቅ አለብኝ፣ እግሯን ልጠብላት። መጀመሪያ ግን ኮሚቴዎቹ ይዩላት።

ነይ፣ እጅሽን ስጪኝና ልመርቅሽ። ትዳርሽን ያጽናልሽ። ደጃችሁ ይታፈር፣ ጎተራችሁ ይሙላ። ወንድ ልጅ ይስጥሽ፣ በዓመቱ። ቁመቱ አባቱን ይምሰል፣ መልኩም አባቱን፣ የእጅ ጽሕፈቱም እንደ አባቱ ይመር። አጥፍቶ «እኔ ነኝ» የሚልበትን አፍ ግን፣ የኔ ዓለም፣ አባቱ እስኪሰጠው ደጅ አይጥና... እሱን ካንቺ ጡት ይጥባው። አሜን በይ።